ቁመቴን ልናገር ብዬ

አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ለጥቂት እስር ቤት ልታስገባኝ ነበር። ዓረብ አገር ሳለሁ፣ ሱለይ በሚባል ሰፈር ያለ አንድ መጋዘን ለላይኛው መደርደሪያ ረጅም ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ያኔ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለኝ የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ተቆጣጣሪው ህንዳዊ ነው፤ ዓረብኛ አይችልም። እኔም ረጅም ነኝ ለማለት ደረቴን ነፍቼ "አይ አም ሃይ! ቬሪ ሃይ!" አልኩት። ሰውዬው ዓይን ዓይኔን እያየ ወደ ኋላ አፈገፈገና ስልኩን አወጣ። "ፖሊስ" ሲል ሰማሁት። እንዳልሮጥ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል።

የመጋዘኑ ሹፌር ሰይድ፣ የወሎ ልጅ ነው፣ ሮጦ መጣ። "ምን አልከው ወንድሜ?"

ነገርኩት።

"ሃይ ለተራራና ለግንብ ነው! ሰው ሃይ ነኝ ካለ ሀሺሽ ወስጃለሁ ማለቱ ነው። ለሰው ቁመት ቶል ነው የሚባለው። ያላ፣ ቶል በለው!"

"ቶል! ቶል!" እያልኩ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። ተቆጣጣሪው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ፤ ነገ ሥራ ጀምር አለኝ።

አልሄድኩም። ሥራው ቢያስፈልገኝም፣ የተቆጣጣሪው ጣት ለፖሊስ ሊደውል ስልኩ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁና እግሬ እምቢ አለኝ።