ሙዝ የማይገባበት ቤት

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከሰው መቀላቀል ጠልተው ነበር። አንድ ቀን ግን ሽንኩርት አልቆባቸው አትክልት መሸጫው ድረስ ብቅ ቢሉ፣ ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባለሙያ ናት፤ ለምርመራ ናሙና ልትወስድ መጥታ ነበር። በእጇ ሙዝ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ልጄ፣ እሱን ነገር ተይው» አሏት።

ምነው ብትላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው አወጉላት። ሚስታቸው በካንሰር ተይዛ ሌላ ምግብ አልስማማት ሲል፣ በየቀኑ ሙዝ የሚያበሏት እሳቸው ነበሩ። ከቀብሩ በኋላ ሙዝ ጨረር እንዳለው፣ ጨረርም ካንሰርን እንደሚያባብስ ከሰው ሰሙ። ድንቹም ባቄላውም አለበት ሲባል ሁሉንም ከቤት አስወጡ። አብራቸው የምትኖረው ነፍሰ ጡር ልጃቸውም አብዛኛውን ቀን በዳቦና በሻይ እየዋለች መንምናለች።

«እናቷን በገዛ እጄ ገደልኳት» አሉ።

ባለሙያዋ ወሬውን ውሸት ነው ብላ አላጣጣለችባቸውም። ግማሽ እውቀት ካለማወቅ ይልቅ እንደሚያስጨንቅ ታውቃለችና፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ጨረሩስ እውነት ነው፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ፖታሲየም ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው። እርስዎም ውስጥ አለ፣ እኔም ውስጥ አለ። ሰውነት የሚበቃውን ይይዝና ትርፉን በሽንት ያስወጣዋል። ሙዝ ስለበላን አይጠራቀምም።»

«ታዲያ መንግሥት በምግብ ላይ የጨረር ሕግ ያወጣው ለምንድን ነው?»

«እሱማ ከኒውክሌር ጣቢያ አደጋ አምልጦ ምግብ ላይ ለሚያርፈው ነው። ያንን እንለካለን፤ ከወሰኑ ካለፈም ምግቡን እናግዳለን። የፖታሲየሙን ግን ሕጉ አይቆጥረውም። ያለ ፖታሲየም ልባችን እንኳ አይመታም።»

ሽማግሌው ብዙ ጠየቋት፤ ሁሉንም ሳትሰለች መለሰችላቸው። በመጨረሻ አመኗት። እፎይ ይላሉ ብላ ስትጠብቅ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እንግዲያስ ምን ገደላት?»

«ሐኪሞቹም ያልቻሉት በሽታ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩማ እህል በአፏ አይዞርም ነበር።»

ለካ ጥፋተኝነትም መደገፊያ ኖሯል፤ አሁን የሚወቅሱት አጡ፣ ራሳቸውን እንኳ። ቢሆንም ድንቹንም ባቄላውንም ገዝተው ገቡ።

ልጃቸው ውላ አድራ ጉንጯ ሞላ፣ ጉልበቷም ተመለሰ። ሽማግሌውም ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ፣ በወሬ ደንግጦ ከማዕዱ ምግብ ከማንሳቱ በፊት የሚያውቅ ሰው እንዲጠይቅ ይመክራሉ። ሐዘኑ ግን አልወጣላቸውም፤ ከዚያ ወዲህ የቻሉት ነገር ቢኖር ያለ ጸጸት ማልቀስ ነው።