ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሽማግሌ

ዓመቱ 2025 ነበር፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ልጄ እዚሁ እስራኤል፣ ካርሜ ጋት በሚባል አዲስ ሰፈር ቤት ገዝቶ አብሬው እንድኖር ወሰደኝ። ሳሎኑ በአንድ በኩል ግድግዳ የለውም፤ ከወለል እስከ ጣራ መስኮት ነው። «አባዬ፣ የዘመኑ ቤት እንዲህ ነው፤ ብርሃንና እይታ!» አለኝ። እይታው ከማዶ ፎቅ ብቻውን የሚቀመጥ ሽማግሌ ነው። ምሳ ስበላ ያየኛል። ባደግሁበት አገር ለሚያይ ሰው «እንብላ» ሳይሉ መጉረስ ነውር ነውና፣ በጎረስሁ ቁጥር በእጄ እጠራዋለሁ።

ልጄ አፈረ። «አባዬ፣ ሰውየው ያበዱ ይመስለዋል! መጋረጃ አሰቅላለሁ።»

«ግድግዳ የሌለው ቤት ገዝተህ ግድግዳውን በጨርቅ ልትሠራ ነው? ተወው፤ እሑድ ወደ ድሮ ቤቴ መልሰኝ።»

በአራተኛው ቀን፣ ልጄ ለመጋረጃው ሲለካ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዳቦ ይዞ ቆሟል። በዕብራይስጥ የተናገረውን ልጄ ተረጎመልኝ፦ «ሦስት ቀን ሙሉ ጠሩኝ። የትኛው በር እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው የዘገየሁት፤ ይቅርታ።»

ልጄ ሜትሩን ኪሱ ከተተ። እኔም መሄዱን ተውሁትና እንግዳዬን አስታጥቤ ከመስኮቱ ፊት አስቀመጥሁት። ልጎርስ ቀና ስል፣ ከማዶ ከሱ ቤት በላይ አንዲት ሴትዮ ታየናለች። እጄን አነሳሁ።