በእርገጤ አንጓ ላይ የበቀለው

(ሥጋ ቤቱ በጾሙ ተዘግቷል፤ ፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሥጋ ቆራጩ እርገጤ ግራ እጁ አንጓ ላይ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቶበታል፤ ቢላውን ስሎ ሚስቱን እታለማሁን ይለምናል።)

እታለማሁ፦ አልይዝም አልኩ አልይዝም! ቢላውን አስቀምጥ!

እርገጤ፦ እጄን ጠበቅ አድርገሽ ያዥልኝ ነው ያልኩሽ። ከፈለግሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ። አንድ ጊዜ ጫር ሳደርገው ያልቃል።

እታለማሁ፦ ኤጭ! ወሬውን ራሱ አታሰማኝ።

እርገጤ፦ በዚህ ቢላ ስንት የበሬ እጢ አውጥቻለሁ!

እታለማሁ፦ በሬው ታርዶ እኮ ነው፣ እርገጤ!

እርገጤ፦ ታዲያ ምን ልሁን? ከጾሙ በፊት አንዱ ደንበኛ ቁርጥ አዝዞ፣ ሥጋውን ስይዝለት ይህን አየና «ይሄም አብሮ ይመዘናል?» አለኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እሱ ሳይበላ ወጣ፣ ሁለት ሰዎችም ተከተሉት። ለፋሲካ እንዲህ ሆኜ ከከፈትኩ ማን ይመጣልኛል?

እታለማሁ፦ እውነቱን ልንገርህ? እኔም ብሆን እወጣ ነበር። ውሃ ስታቀብለኝ እንኳ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀበልህ።

እርገጤ፦ እኔን? ባልሽን?

እታለማሁ፦ አንተን ሳይሆን እሱን! የጤና ጣቢያዋ ሐኪም «ውስጡ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነው» ካለች ጀምሮ ይኸው ጾሙን ሙሉ ተልባ አልቀመስኩም።

እርገጤ፦ ስለዚህ ይውጣልን!

እታለማሁ፦ ባለፈው በዘነዘና አስመትተኸው ጠፋልኝ ብለህ ጨፈርክ። ሳምንት ሙሉ እጅህ ጠቁሮ ከረመ፣ በወሩ እሱም ተመለሰ። ሥሩ መገጣጠሚያው ውስጥ ነው አላለችህም? ነቀርሳ አይደለም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ካላመመህ ተወው፣ አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ይጠፋል አለችህ። ጅማትህን ከቆረጥከው ግን ጣትህ አይዘረጋም። ያኔ ሥጋውን በምን ልትይዝ ነው? በጥርስህ?

እርገጤ፦ ሐኪም ሥራው ማስፈራራት ነው።

እታለማሁ፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም! አንተ የተማርከው ሽንጥና ዳቢት መለየት ነው።

እርገጤ፦ ፋሲካ ደረሰ እኮ፣ እታለም!

እታለማሁ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ይልቅ በመርፌ ልምጠጠው ስትልህ እሺ ብትል ኖሮ አሁን ሜዳ ሆኖ ነበር። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብላለች፣ ይምጣ፤ ፋሲካን ግን ያሻግርህ ነበር። ለምን ተነሥተህ ወጣህ?

እርገጤ፦ ስልክ ተደውሎልኝ ነዋ።

እታለማሁ፦ ስልክህ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

እርገጤ፦ እንግዲያው ሽንት ቤት ሄጄ ይሆናል።

እታለማሁ፦ ጃኬትህን ወንበሩ ላይ ጥለህ፣ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ?

እርገጤ፦ መርፌውን አላየሽውም። ረጅም ነው።

እታለማሁ፦ ኧረ ጉድ! ስንት በሬ የጣለ ሰውዬ መርፌ ፈርቶ ራሱን ሊያርድ!

እርገጤ፦ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል። ቢላውን እኔ ነኝ የምይዘው፤ መርፌውን የሚይዘው ግን ሌላ ሰው ነው። በሱ ነው ልቤ የሚርደው፣ ምን ላድርግ!

እታለማሁ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ይህን ያኔውኑ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በል ተነሥ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንሂድ።

እርገጤ፦ አብረሽኝ ትገቢያለሽ?

እታለማሁ፦ ምን? ያ ዝልግልግ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ላየው? ኧክ! እዚያው ነው የሚያስመልሰኝ። በር ላይ እጠብቅሃለሁ።

እርገጤ፦ እንግዲያው አልሄድም። መርፌው ሲገባ ዓይኔን የሚሸፍንልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

እታለማሁ፦ አምጣ ቢላውን። በአንድ እጄ ያንተን እሸፍናለሁ፣ በሌላው የራሴን።