የሳቢሃ ትምህርትና የአባቷ በርበሬ

ባለፈው የካቲት አንድ ማለዳ፣ ለስፌት መኪናዬ ቀበቶ ልገዛ ወደ ፍኖተ ሰላም ለመሄድ ቡሬ መናኸሪያ ብደርስ፣ ጎረቤቴን አቶ ኢስሃቅን ሚኒባስ ውስጥ ኩምትር ብለው ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቶ ኢስሃቅ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። በበርበሬ ወቅት ከመጋዘናቸው የሚያስወጣቸው ሶላት ብቻ ነውና ነገሩ አስደነገጠኝ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሽ ኢስሃቅ! ምን ቢገኝ ነው መጋዘኑን ጥለው የወጡት?»

«ወአለይኩም ሰላም ክንዱ። ሳቢሃን ላመጣት ነው።»

«ታመመች እንዴ?»

«ብትታመም ይሻል ነበር! አስተግፊሩላህ፣ ምን አናገረኝ?» አሉና ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ።

ሳቢሃ የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ገብታ ስለ ሰብል አያያዝ ትማራለች። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ አባትየው የሆዳቸውን ዘረገፉት።

«ኮሌጁ ተማሪዎቹን ጅጋ አካባቢ ገበሬ ቤት ሊበትናቸው ነው፤ ሙሉ የዕረፍት ጊዜውን! አገልግሎት ነው አሉ። በዚያ ላይ ኔትወርክ በተገኘ ቁጥር ከህንድና ከጋና ተማሪ ጋር በስልክ እየተያዩ ወሬ። እኔ ልጄን የላክኋት ቁጭ ብላ እንድትማር ነው። ገበሬ ቤት ለመዋልማ ስንት ዘመድ አለኝ!»

«ከትምህርቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል እኮ።»

«አለው ትላለች። ክፍል የተማሩትን እዚያ ይሞክሩታል፣ እዚያ ያዩትን ደግሞ ክፍል ይዘው ገብተው ይከራከሩበታል። ታዲያ መምህሩ ምን ይሠራል? ደመወዙን ለገበሬው ይስጠው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የእኔ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ስለ ኮሌጅ ብዙ ባላውቅም ስለ አቶ ኢስሃቅ ግን አውቃለሁና በዚያ በኩል ገባሁ።

«ለመሆኑ ትልቁን ልጅዎን ሙዓዝን ንግድ ያስተማሩት እንዴት ነበር?»

«ይዤው እየዞርኩ ነዋ! ፈረስ ቤት፣ ዱርቤቴ፣ ጅጋ። የበርበሬውን ሽታ ሳያውቅ፣ የገበሬውን አመል ሳያውቅ እንዴት ይነግዳል?»

«ወንበር ላይ አስቀምጠው ሊያስረዱት ይችሉ ነበር እኮ።»

«ንግድ በወንበር . . .» ብለው ሲጀምሩ አፋቸውን ያዝ አደረጉ። «አንተ ሰው፣ በነገር ልትይዘኝ ነው? ሙዓዝ ወንድ ነው። ሴት ልጅ ሰው ቤት አደረች ሲባል ምን እንደሚወራ ታውቃለህ? መንገዱም ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ከዚያ ማዶ ቀርታ መንገድ ቢዘጋብኝስ?»

የልባቸው ይኸው ነበር። በዚህ ላይ አልቀለድሁም። በእነዚህ ዓመታት ልጁን ከቤት አርቆ ደህና እንቅልፍ የተኛ አባት በእኛ አገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀበቶዬን ለኋላ አቆይቼ አብሬያቸው ወደ ኮሌጁ ሄድሁ።

ሳቢሃ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ ጅጋ የሚወስዳቸው መኪና ተማሪ እየጫነ ነው። አባቷን ስታይ ሮጣ መጥታ እጃቸውን ሳመች።

«አባባ! እንዴት መጡ?»

«ዕቃሽን ያዢና እንሂድ።»

አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። ዛፍ ጥላ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና «እርስዎ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ» አለች።

«ተናገሪ። ቶሎ ግን።»

«ጥር ላይ ስለ ሻጋታ ተፈትነን ነበር። እርጥበት ያለው ቅመም ሲታሸግ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው፤ መርዙ ቢወቀጥም ቢቀቀልም አይለቅም፤ ጉበት ይጎዳል። ይህን ጽፌ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ያን ሰሞን ቤት መጣሁ። ምን ስንሠራ እንደነበር ያስታውሳሉ?»

«በርበሬ ስናሽግ ነዋ።»

«ከማሸጋችን በፊትስ?»

«ውሃ ረጨንበታ» አሉ አቶ ኢስሃቅ። አንባቢዬ የእኛን አገር ሥራ ላያውቅ ይችላልና ልንገረው፤ የደረቀ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሲጠቀጠቅ ይሰባበራል። ስለዚህ ነጋዴው ከማሸጉ በፊት ማታውን ውሃ ይረጭበታል፤ ጠዋት ለስልሶ ይገኛል። ሚዛን ለማሳደግ የሚረጭም አይጠፋም። አቶ ኢስሃቅ ግን እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም፤ የሚረጩት እንዳይሰባበር ብቻ ነው፤ አባታቸውም ሲረጩ ኖረዋል።

«ጆጉን ይዤ የረጨሁት እኔ ነኝ» አለች ሳቢሃ። «የፈተናው ቀለም ከእጄ ሳይለቅ! አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም። ሻጋታው ደብተሬ ላይ ነበር፣ በርበሬው ደግሞ ቤታችን። ሁለቱ አይተዋወቁም።»

«ታዲያ መቼ ተዋወቁ?» አልኋት እኔ።

«ጅጋ ለአንድ ቀን የወሰዱን ጊዜ፣ ጋሽ ክንዱ። ወይዘሮ ሀብትነሽ የሚባሉ ገበሬ በርበሬ ከከረጢት ሲያወጡ ውስጡ ነጭ ሆኗል። እፍ እፍ አሉና ለልጆቻቸው ሊወቅጡት ተነሡ። ‹እማማ ይተዉት፣ መርዝ ነው› ስላቸው ‹ነጋዴ የተሰባበረ አይገዛንም ብለን ውሃ ነካ እናደርገዋለን፤ ሳይሸጥ የቀረውን እኛው እንበላዋለን› አሉኝ። ገበሬው ለእኛ ብሎ ያረጥበዋል፤ እኛ ደግሞ እንደገና እናረጥበዋለን።»

«በስልክ የምታወሪያት ህንዷስ?» አሉ አቶ ኢስሃቅ፤ ድምፃቸው ቀነስ ብሏል።

«ቤተሰቦቿ እንደ እኛ የበርበሬ ነጋዴዎች ናቸው። ለምን ትረጫላችሁ ብትለኝ ‹እንዳይሰባበር› አልኋት። የእነሱም ሰዎች ይረጩ ነበር አሉ። የአጎቷ ጭነት በሻጋታ ምክንያት ከወደብ ሲመለስ ነው የተዉት።»

ይኼኔ አባትየው ብድግ አሉ።

«ስለዚህ አባትሽ ሰው ሲመርዝ ኖረ ነው የምትይኝ?»

በሩ ላይ የቆሙት ተማሪዎች ዞር አሉ። ሳቢሃ ግን እጃቸውን አልለቀቀችም።

«እርስዎ ሳያውቁ ነው፣ አባባ። እኔ ግን አውቄ፣ ተፈትኜ፣ አንደኛ ወጥቼ ረጨሁ። የእኔ ይብሳል።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ካልረጨሁት ይደቃል። ይህን መምህርሽ ያውቃል?» አሉ።

«አያውቅም። እኔም መፍትሔውን አላውቅም። ለዚህ ነው የምሄደው። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አድርቀን፣ አንዱን ጆንያ ረጭተን፣ ሌላውን ሳንረጭ አሽገን እናያለን። ህንዷ ልጅ እነሱ ጎህ ሲቀድ ነው የሚያሽጉት ትላለች። እዚህ ይሠራ እንደሆነ እንጃ።»

«ጎህ ሲቀድ . . .» አቶ ኢስሃቅ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «እሱስ እውነት ነው። ውጭ ያደረ በርበሬ ማለዳ በራሱ ለስለስ ይላል፤ የሚሰባበረው ፀሐይ ሲያገኘው ነው። እኛ ዘንድ ግን ሠራተኛው የሚገባው ሦስት ሰዓት ነው።»

«ሠራተኛውን ማልዶ ማስገባት ነዋ!» አልሁ።

«አንተ ዝም በል! ሄደህ ቀበቶህን ግዛ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የምታድሪው የት ነው?»

«ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት፣ ከክፍሌ ልጅ ከናጂሃ ጋር። ምግባችንን ራሳችን እናበስላለን። የምንሰግድበትንም ክፍል አጽድተው ሰጥተውናል።»

«ቤቱን በዓይኔ ሳላይማ አይሆንም» አሉና ሻንጣውን አንሥተው ወደ ቡሬ መኪና ይሄዳሉ ስል፣ ከተማሪዎቹ መካከል ገብተው የጅጋው መኪና ላይ ተሳፈሩ። በመስኮት ብቅ ብለው ለባለቤታቸው የማደርሰውን መልእክት ነገሩኝ።

እኔ ቀበቶዬን ገዝቼ ብቻዬን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ። ልጆቻችን ቀለም አላነሳቸውም። የተማሩትን ይዘው የሚገቡበት ደጅ ነው ያጡት። የገበሬዋን ከረጢት ስታይ ለሳቢሃ ትምህርቷ ሥጋ ለበሰ። ባሕር ማዶ ያለች እኩያዋ ስትጠይቃት ደግሞ ለምዳው የኖረችው ነገር እንግዳ ሆኖ ታያት። ክፍል ባትማር ኖሮ ያ ነጭ ነገር ለእሷም አቧራ ነበር። ከክፍል ባትወጣ ደግሞ ፈተና ብቻ ሆኖ በቀረ። ይህ ሲገናኝ ገበሬዋ ልጆቿን ታተርፋለች፣ ነጋዴው ስሙን ያተርፋል፣ ኮሌጁም መምህሩ የማያውቀውን ጥያቄ ያገኛል።

ቡሬ ስደርስ የአቶ ኢስሃቅ ባለቤት ወይዘሮ ሁስና ደጅ ላይ ይጠብቁ ነበር።

«ክንዱ፣ ልጄስ?»

«ጅጋ ሄደች።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸውም።»

ግራ ገብቷቸው አፈጠጡብኝ። የሆነውን ሁሉ ዘርዝሬ አስረዳሁና መልእክቱን አደረስሁ፤ «መጋዘን ያለው በርበሬ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው፣ ሠራተኞቹም ነገ ከጎህ ጋር ይግቡ ብለዋል።»

ወይዘሮ ሁስና ሙዓዝን ጠርተው ለሠራተኞቹ እንዲናገር ላኩት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ነገር ነው። ብቻ ጠይቅልኝ፤ እሳቸው የሚመረቁት መቼ ነው?»