ወይዘሮ ሜቪስ፣ የካርንዋላ ስልከኛ

ወይዘሮ ሜቪስ ሄንሽኪን ለመሸኘት እርሻችሁንና ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ዘጠና ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዕድሜያቸውን በአጭሩ እንድናሰማችሁ ቤተሰቡ አዞናል።

ወይዘሮ ሜቪስ ከአባታቸው ከሐዲድ ሠራተኛው ከአቶ አልፍ ትሬዊንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደልሲ በ1934 ከካርንዋላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረችው የቆርቆሮ ቤት ተወለዱ። በክረምት ተማሪው ሁሉ ለምድጃው አንድ አንድ ፍልጥ ይዞ ይመጣበት በነበረው፣ አንድ መምህር ሰባቱንም ክፍል በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ተምረው፣ ድምፃቸው ጥርት ያለ ስለ ነበር በአሥራ አምስት ዓመታቸው በፖስታ ቤታችን ስልክ አገናኝ ሆነው ተቀጠሩ። ሽበት ያወጣን ሁላችን እንደምናስታውሰው፣ በዚያን ዘመን የስልኩን እጀታ አዙሮ «ሜቭ፣ ሐኪሙን» ያለ ሰው፣ «ቤቱ የለም፤ መኪናው ሹልትዞች ቤት በር ላይ ቆማለች፣ እዚያ ላገናኝህ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር።

በ1956 ስንዴ አምራቹን አቶ ክላይቭ ሄንሽኪን አግብተው ሮዝሊንና ኔቪልን ወለዱ። በ1965 ኔቪል በስድስት ዓመቱ በእርሻው ኩሬ ሰጠመ። ወይዘሮ ሜቪስም ሥራቸውን ትተው፣ መጋረጃቸውን ዘግተው፣ አሥራ አንድ ወር ያህል ከሰው ተለዩ። አጽናኞች መጥተው መጥተው ሲሰለቹ፣ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኢልማ ፕፋይፈር ግን ማክሰኞ ማክሰኞ አንዴ እሸት አተር፣ አንዴ የሚጠቀለል ክር ይዘው እየመጡ፣ «እንድታወሪኝ አይደለም የመጣሁት፤ እጅሽን አውሺኝ» ብለው ከአጠገባቸው ይቀመጡ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ወይዘሮ ሜቪስ «ይሄ አተር እኮ ደርቋል፤ ማነው የለቀመው?» ቢሉ፣ ወይዘሮ ኢልማ ቤታቸው ገብተው ለባላቸው «ሜቪስ ዛሬ ወቀሰችኝ፤ ልትድን ነው» ብለው አለቀሱ።

ወደ ስልካቸው በተመለሱበት በ1967 ዝናብ ጠፋ። በዚያ ድርቅ የሆነውን፣ ዛሬ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አቶ ሮን ክላይኒግ ራሳቸው እንዲነገር ስለ ፈለጉ እናነበዋለን። አቶ ሮን አንድ ጠዋት ደውለው፣ ከማን ጋር እንደሚያገናኟቸው ቢጠየቁ፣ «ከማንም። እንዲሁ ነው፤ ደህና ሁኚ ልልሽ» አሉ። ወይዘሮ ሜቪስ ያን ድምፅ ከራሳቸው ያውቁት ነበርና መስመሩን አልዘጉም።

«በመስኮት እይና ምን እንዳለ ንገረኝ» አሉ።

«አቧራ።»

«ከአቧራው ወዲህስ?»

«ውሻዬ።»

«ምን ትሠራለች?»

«ታየኛለች።»

«እንግዲያው ርቧታል። አብላትና ተመለስ፤ ስልኩን እንዳትዘጋ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

አቶ ሮን ውሻቸውን እስኪያበሉ ወይዘሮ ሜቪስ በሌላው መስመር ደውለው ባለቤታቸውን ወደ አቶ ሮን ቤት ላኩ፤ አቶ ክላይቭም ሲደርሱ ሁለቱ በስልክ ስለ ውሻዋ ገና እያወሩ ነበር። ከማግሥቱ ጀምሮ ወይዘሮ ሜቪስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ለአቶ ሮን እየደወሉ «የዛሬ ሥራህ ምንድን ነው?» ይሏቸው ጀመር፤ ድርቁ ሳያበቃም የሚደውሉላቸው ቤቶች አሥራ አንድ ደረሱ። ይዘንባል ብለው ለማንም ቃል አልገቡም። አቶ ክላይቭ «ጥያቄ ምን ይፈይዳል?» ሲሏቸው፣ «ዝናብ አያመጣም። ግን ነገ አንድ ሰው መልሱን እንደሚጠብቅ ያውቃል» አሉ።

በ1978 አገናኝ ሰው የማያሻው ስልክ ገባና ከሥራቸው ተሰናበቱ። በአዳራሹ ጨፈርንላቸው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ያ የድሮው ጨለማ መልሶ ያዛቸው። አሁን ግን መምጣቱን ለይተው ስላወቁት ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ሄደው መድኃኒት ጀመሩ፤ በየሁለት ሳምንቱም ከተማ እየወረዱ አማካሪ አነጋገሩ። ሲመለሱ በሴቶች የሻይ ሰዓት ቆመው፣ «የጠፋሁት አእምሮዬን አሞኝ ነው፤ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። በሉ፣ ሻዩን ማን ይቀዳል?» አሉ። ያን ዕለት ሁለት ሴቶች ወደ ኩሽና ተከትለዋቸው ገብተው የሐኪሙን ስም ጠየቁ።

አቶ ክላይቭ በ2004 ካረፉም በኋላ የጠዋቱ ስልክ አልተቋረጠም። ባለፈው ዓመት ልባቸው ሲደክም፣ ልጃቸው ወይዘሮ ሮዝሊን «እማዬ፣ አሁንስ እረፊ» ቢሏቸው፣ «አርፋለሁ፤ መጀመሪያ ጻፊ» ብለው የሚደውሉላቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ አስጻፉ፤ ለስድስት ሰውም አከፋፈሉ። «ለአንድ ሰው ከሦስት በላይ አትስጪ፤ የደከመው ሰው የሚጠይቀው ለይስሙላ ነው» አሉ። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ሮዝሊን የድርሻቸውን ሊደውሉ እናታቸው ከተኙበት የሆስፒታል ክፍል ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ሦስተኛውን ሰው አነጋግረው ሲመለሱ እናታቸው ዐርፈው ነበር።

ወይዘሮ ሜቪስ አንዲት ልጅ፣ አራት የልጅ ልጆችና ሁለት የልጅ ልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል፤ ጠዋት ጠዋት ስልኩ ሲጮህ የምናነሣው ግን በዚህ ቤት የተቀመጥነው ብዙዎቻችን ነን። አምላካችን ነፍሳቸውን በሰላም ተቀብሎ ከባለቤታቸውና ከትንሹ ኔቪል ጋር ያገናኝልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።