አስካለ የመረገችው ጎማ

በኛ ጊዜ፣ ስሙኝማ፣ በኛ ጊዜ መኪና ተንቀጠቀጠ ተብሎ ዛሬ የልጅ ልጄ ቢኒያም እንዳደረገው ጎሚስታ ቤት ተገብቶ፣ ጎማው ኮምፒውተር ላይ ተሰቅሎ፣ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ተሠርቶ አይወጣም ነበር። ምን ትስቃለህ ቢኒዬ፣ እውነቴን እኮ ነው! በደርግ ጊዜ መኪናህ ከተንቀጠቀጠ አንተም አብረህ ትንቀጠቀጣለህ፣ በቃ።

እኔ አንዲት ሰማያዊ ፒካፕ ነበረችኝ። ሚስቴ አስካለ ትመስክር፣ ያው ጓዳ ሆና ትሰማኛለች። ከመርካቶ ድርና ማግ ጭኜ ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎቹ አደርሳለሁ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ጋቢና ነጠላ ጭኜ እመለሳለሁ፣ እና ቤታችን የሚበላው ከሷ ነው፣ ልጆቹ የሚማሩት በሷ ነው፣ ሌላ ምንም የለንም። ታዲያ አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይቺ መኪና አመማት። ቀስ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። ሃምሳ ስትገባ ግን፣ ድድድድድድ! መሪው እጄ ላይ፣ ወንበሩ ከሥሬ፣ መስታወቱ፣ ጥርሴ፣ ሁሉም ድድድድ! ከሃምሳ በታች ስታደርጋት ደግሞ ጸጥ። ምንም እንዳላደረገች ጸጥ!

ታዲያ ሐኪም ፍለጋ ተያያዝኩት። አንዱ መካኒክ ጋ ሄድኩ፣ "ጌታው፣ ይሄ የጎማው ኩሽኔታ ነው" አለኝ። ለወጠልኝ። ድድድድ። ሌላው ጋ ሄድኩ፣ ከሥሯ ገብቶ ተጋደመና "የምን ኩሽኔታ! ማነው እንዲህ ያለህ? ባሌስትራዋ ነው እንጂ!" አለኝ። እሱንም ሠራ። ድድድድ። ሦስተኛው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ለጠፈና፣ ብዙ ቆየና፣ "ሞተሩ ይውረድ" አለኝ። "እጅህን አንሣልኝ!" ብዬው ሄድኩ። አስካለ ጠበል አምጥታ ረጨቻት። "ዓይን ነው የበላት፣ ሰማያዊ አትግዛ ብዬህ ነበር" ትለኛለች። ረጨቻት፣ እኔንም አብራ ረጨችኝ። ድድድድ።

ሸምሱ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፣ ጳውሎስ አካባቢ የክር ሱቅ ያለው፣ ነፍሱን ይማረውና እንደሱ ዓይነት ሰው የለም። እሱም ፒካፕ ነበረው። ነበረው ነው የምላችሁ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር "ለእናት አገር ጥሪ ትፈለጋለች፣ ለአንድ ወር ብቻ" ብሎ ወሰዳት፣ ሄደች፣ ቀረች። ሸምሱ እየተመላለሰ "መኪናዬስ?" ሲል "ግዳጅ ላይ ናት" ይሉታል። በኋላ መጠየቁንም ተወው፣ ክሩን በአህያ ማስጫን ጀመረ። እና የኔ መኪና ስትታመም ከኔ ይልቅ የሚጨነቀው እሱ ሆነ። ከጎኔ ይቀመጥና ያዳምጣል። "ወላሂ ደበበ፣ ከፊት ነው። ቆይ፣ ቆይ... ወላሂ ከኋላ ነው። ቆይ... ወላሂ ከሁሉም ነው!" ይለኛል። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ዘመን እኛ ሁለታችን በሽታ ፍለጋ አስኮ ደርሰን እንመለሳለን።

ታዲያ ይሄ ሊቀመንበር አንድ ቀን እኔም ቤት መጣላችሁ። ረጅም ነው፣ ካኪ ለባሽ፣ ሦስት ሰው ፊት ቆሞም አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚናገር ሰው። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ጓድ ደበበ! ፒካፕህ ለእናት አገር ጥሪ ትፈለጋለች። ለአንድ ወር ብቻ!" አለኝ።

አንድ ወር ሲል የሸምሱ መኪና መጣችብኝ። አስካለ ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ስትጎትተኝ ይሰማኛል። "ጓድ ሊቀመንበር፣ መኪናዋ እኮ በሽተኛ ናት፣ ትንቀጠቀጣለች" አልኩት።

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው! የዚህ ቀበሌ መኪና በሙሉ እኔ ስመጣ ነው የሚታመመው!"

"መካኒኮቹን ይጠይቁ፣ ሸምሱን ይጠይቁ..."

"ማንንም አልጠይቅም። ቅዳሜ ጠዋት ዊንጌት ጋ አምጣት፣ ራሴ እነዳታለሁ። ከተንቀጠቀጠች ይዘሃት ትመለሳለህ። ካልተንቀጠቀጠች ግን እዚያው ቁልፏን ታስረክባለህ።" አለና ሄደ። ሄደ ስል ተመልሶ ብቅ አለና፣ "ደግሞ ታጥባ ትምጣ! እናት አገር ጭቃ አትሳፈርም!" አለኝ።

እኔማ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አይለኝም? ያንን ሁሉ ጊዜ ስረግመው የኖርኩት ድድድድ ሊያድነኝ ነው። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኩት።

ዓርብ ጠዋት ወንዝ ወረድኩና አጠብኳት። ታጥባ ትምጣ ተብያለሁ እኮ! ክረምቱን ሙሉ ላይ ላዩን ነበር ውኃ የምደፋባት፤ የዚያን ቀን ግን ከሥሯ ተኝቼ፣ በእንጨት እየፈቀፈቅሁ፣ ጎማዎቹን ሳይቀር ከውስጥ በኩል አጠብኩ። ታዲያ ከኋላ ጎማ ውስጥ፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ የደረቀ ጭቃ፣ የድፎ ዳቦ እኩሌታ የሚያህል፣ ግንጥል ብሎ ወደቀ። እኔ ምን አውቄ፣ በእግሬ ገፋ አድርጌው ተነሣሁ።

ወደ ቤት ስመለስ አርባ አልኳት፣ ሃምሳ አልኳት። ጸጥ። ስድሳ። ጸጥ! መሪውን ለቀቅ አደረግሁት፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። "እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። እና ጮኼ ሳልጨርስ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። "ወይኔ ደበበ! ምን አድርጌ ነው ያዳንኳት!"

ቤት ደርሼ ስነግራት አስካለ ደረቷን መታች። "በል አሁኑኑ መልሳት!"

"ወደ የት?"

"ወደ በሽታዋ ነዋ!"

ሸምሱን ጠራነው፣ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሰማና አሰበ። "ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ጭቃው ነው ያመማት፣ ጭቃ እንመልስላታ!" አለ። ጎማውን ፈታን፣ ከደጅ ጭቃ ዝቀን ውስጡ ለጠፍን። ዝርግፍ። እንደገና ለጠፍን። ዝርግፍ። ሸምሱ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ "ወላሂ ስንጠላው ተጣብቆ የከረመ፣ ስንፈልገው አልይዝ አለ!" ይላል። አስካለ ቆማ አየችን፣ አየችንና፣ "ዞር በሉ ወዲያ! ጭድ የሌለው ጭቃ የት አገር ይይዛል?" አለችን።

የዚያን ሰሞን ማድ ቤታችን ግድግዳው ተቦርቡሮ ልታስመርገው በጭድ ያስቦካችው ጭቃ ጓሮ ነበረ። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጎማውን አጋድማ ብረቱን ትመርገው ጀመረች። ሸምሱ ጎማው እንዳይቃጠል ራቅ አድርጎ ከሰል እያራገበ ያደርቃል። አስካለ ደግሞ ስትሠራ ታውቋታላችሁ፣ ለይስሙላ አትሠራም፤ ዙሪያውን ሞላችው፣ በእርጥብ እጇ አለሰለሰችው። "ይኼን እግዚአብሔር ካላፈረሰው ማንም አያፈርሰውም" አለች። እኛም አመሰገንናት፣ ተኛን።

ቅዳሜ ዊንጌት ጋ ሄድን። ሊቀመንበሩ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ ሸምሱ "ለምስክርነት" ብሎ ከኋላ ተጭኗል። ወደ አስኮ መንገድ ነዳት። አርባ። ደህና፣ አርባ ላይማ ድሮም ደህና ናት። ሃምሳ። ጸጥ። ሃምሳ አምስት። ጸጥ! ለካስ ባለሙያነቷ ነው የገደለን! የመጀመሪያው ጭቃ በአንድ ወገን ብቻ ስለተጣበቀ ነበር ጎማውን የሚያናውጠው። የአስካለ ግን ዙሪያውን እኩል ነው። ክብደቱ በሁሉም ወገን እኩል ከሆነ ጎማው ምን አግኝቶ ይንቀጠቀጣል?

"ጓድ ደበበ፣" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ "ይቺ መኪና እኮ ከኔም ካንተም ጤነኛ ናት!"

ሽሮ ሜዳ የሚጠብቁኝ ሸማኔዎች ታዩኝ፣ ልጆቼ ታዩኝ፣ አህያ ስነዳ ታየኝ። ዞር ብል ሸምሱ በመስታወቱ በኩል ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ላይ ነው። እኔም በበኩሌ ጊዮርጊስን ይዣለሁ። በሁለት በኩል ነው የያዝናት!

ታዲያ ድልድዩ ጋ ስንደርስ አንድ ጉድጓድ ነበረ። ሊቀመንበሩ አላየውም። ጓ! አልን። ከኋላ የሆነ ነገር ፍርክስ ሲል ሰማሁ፣ የምርጊቱ እኩሌታ ተገንጥሎ ወደቀ። እኩሌታው! ሌላው እኩሌታ እዚያው ቀረ። ከዚያማ አትጠይቁኝ። ድድድድድድድድድድ! የድሮው ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነው። የሊቀመንበሩ ቆብ ጭኑ ላይ ወደቀ፣ ሸምሱ ከኋላ "ያ አላህ! ያ አላህ!" ይላል። ሊቀመንበሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ "ም-ም-ም-ምን-ን-ን ሆ-ሆ-ሆነች?"

"በ-በ-በ-በሽ-ሽታዋ ነ-ነ-ነዋ!" አልኩት።

አቆማት። ላቡን ጠረገ፣ ወረደ። ወደ ኋላ ሄዶ ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየ፣ የመጣንበትንም መንገድ አየ፣ የሆነ ነገር በጫማው ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ መጣና ቆቡን አጥልቆ፣ "ይቺ መኪና ለእናት አገር አትሆንም። ውሰዳት" አለኝ። ሸምሱ ዘሎ ወርዶ አቀፈኝ። ሲያቅፈኝ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ የኔ ስለተረፈች ነው ወይስ የሱ ስለቀረች፣ አልጠየቅሁትም።

ታዲያ ከዚያ ወዲያ ያንን ጭቃ ማን ይነቅለዋል? ሊቀመንበሩ ጤነኛ ሆና ቢያያትስ? ተውኩት። ሌላ ቦታ ከሃምሳ በታች ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ በቀበሌው በር ሳልፍ ግን ሃምሳ አስገብቼ ድድድድ፣ እንዲያየኝ! ዓመት አልፎ ዓመት መጣ። አስካለ እንቁላል በኛ መኪና መጫን ተወች።

በኋላ ሰውየው ከሊቀመንበርነቱ ተነሣ። ለምን እንደተነሣ አላውቅም፣ አልጠየቅሁም። አንድ ጠዋት በራፌ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ ካኪው የለም፣ ድምፁም የሰው ድምፅ ሆኗል። "ወንድም ደበበ፣ ቤት ልለቅ ነው። ዕቃዬን ታደርስልኛለህ?" አለኝ። እሺ አልኩ። ሄድን። ልጭን ጎንበስ ስል ክንዴን ያዝ አደረገኝና፣

"ከመጫናችን በፊት ግን ያንን ምርጊት ብታነሣው ምን ይመስልሃል? ብርጭቆ አለኝ" አይለኝም!

"የ... የምን ምርጊት?"

"አይ ደበበ! እኔ እኮ ጭቃ ቤት ነው ያደግሁት። ጭድ ያለበትን ጭቃ ከመንገድ ጭቃ ሳልለይ ቀርቼ ነው?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?"

ወዲያ ወዲህ አየና፣ ቀስ ብሎ፣ "ሸምሱ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። የሱን እኔ ነኝ የወሰድኳት። ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። ያንተን ደግሞ ጨምሬ በየት በኩል ልለፍ?" አለኝ።

እውነት ለመናገር ልቤ ተነካ። ካቻቪቴ አምጥቼ ተንበርክኬ ስፈቀፍቅ እሱም አብሮኝ ተንበርክኮ ይፈቀፍቃል። ዕቃውን ጫንን፣ ስድሳ ነዳሁለት፣ አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። ብቻ መንገድ ላይ አንድ ነገር መጣብኝና ሳቄ አላቆም አለ። ያ ሁሉ ዓመት በቀበሌው በር ድድድድ ስል፣ ሰውየው መስኮት ላይ ቆሞ "አሁንም አላነሣውም ይሄ ሞኝ" ሲል ነው የኖረው! በከንቱ ነው የተንቀጠቀጥኩት እኮ!

"ምን አንተ ብቻ!" አለች አስካለ ከጓዳ። "እኔም ነኝ እንጂ! ደግሞ እወቁ፣ ያ የቀረው እኩሌታ ያለ ካቻቪቴ አልተነቀለም። ምርጊት ማለት እንዲያ ነው!"