ሻምፒዮኗን አንዴ ጥያት ነበር

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል ሻርፕና ልብስ ስሸጥ የሚያየኝ ሰው ቦክሰኛ ነበርኩ ብለው አያምንም። ናይሮቢ ሳለሁ፣ ዛሬ የሻምፒዮንነት ቀበቶ ከታጠቀችው ሴት ጋር ገጥሜ በነጥብ ተሸንፌያለሁ። በሁለተኛው ዙር ግን በግራ እጄ መትቼ ጥያት ነበር። ይህን ባወራሁ ቁጥር ጎረቤቴና ደንበኛዬ ጋልጋሎ፣ "አንቺ? እሷን?" እያለ ይስቅብኛል። ኋላ ላይ ማውራቱንም ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ራሷ ሱቄ ገባች እላችኋለሁ! ወደ ኢትዮጵያ ልትሻገር ስትል ሻርፕ ፈልጋ ነው። ጋልጋሎም እዚያው ቆሟል። ረስታኛለች ብዬ ስላፈርኩ አንገቴን ደፍቼ ሻርፖቹን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ሻርፖቹን ትታ እኔን ስታይ ቆየችና በቀኝ እጇ ቀስ አድርጋ አገጯን ከለለች።

"ዳዳ፣ እህቴ፣ ያ ግራ እጅሽ አሁንም አለ?" አለችኝ በስዋሂሊ።

"ታስታውሺኛለሽ እንዴ?"

"እንዴት እረሳሻለሁ! አንቺ ከጣልሽኝ በኋላ እኮ ነው አሰልጣኜ ቀኝ እጄን ከአገጬ እንዳላወርድ ወር ሙሉ ያሠራኝ። ቀበቶውን ባገኘሁበት ቀን ያንኑ የመሰለ ቡጢ መጣብኝ፤ እጄ ላይ አረፈ።"

እንባዬ መጣ። ያን ግጥሚያ ሳስብ ትዝ የሚለኝ መሸነፌ ብቻ ነበር። ተቃቅፈን ሳቅን፤ አንዱን ሻርፕም እንኪ ብዬ በስጦታ ሰጠኋት። ጋልጋሎ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋጋ ተከራክሮኝ አያውቅም።